አርባ ሺህ ብርና አንድ ጎረምሳ ይዤ መርካቶ

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ከሳሪስ የተሳፈርንበት ባቡር ሰባተኛ ጣቢያ አራገፈን። እኔ ስልኬን በሁለት እጄ አጥብቄ ይዣለሁ፤ እህቴ ከእቁቧ ላይ ለዚሁ ጉዳይ ያስተላለፈችልኝ 40 ሺህ ብር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የአሥራ አራት ዓመቱ ልጇ ደግሞ አንድ አሮጌ ግራፊክስ ካርድ በጋዜጣ ጠቅልሎ በፌስታል አንጠልጥሏል። የመጣነው የጌም ኮምፒውተር ልንገዛ ነው።

እርስዎም ቤት ጎረምሳ ካለ የዚህን ጉዞ መነሻ ለመገመት አይቸገሩም። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወደ ቤት የሚያመጣው መንገድ በፕሌይስቴሽን ቤት በኩል ያልፋል። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ነበር የሚዘገየው፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ሆነ። የታክሲው ሳንቲም ለጌም ይውልና በእግሩ ይመጣል። «የት ቆየህ?» ሲባል «ትራፊክ ነበር» ይላል። እህቴን ያስጨነቃት ጨዋታው አይደለም፣ ውሸቱ ነው። «እቤቱ ቁጭ ብሎ እያየሁት ይጫወት» አለችና ጉዳዩን ለእኔ ሰጠችኝ።

ለእኔ መስጠቷ ግን ድፍረት ነበር። ምክንያቱም ባለፈው ዓመት ይህንኑ ነገር አበላሽቼዋለሁ።

ያማረ ሳጥን

ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው። ሰው ዕቃውን ሳያይ በማሸጊያው እንዲወደው ማድረግ እንጀራዬ ነው ማለት ይቻላል። ታዲያ ባለፈው ዓመት ከተማ ውስጥ አንድ ሱቅ ገብቼ ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚረጭ፣ «ጌሚንግ» የሚል የተለጠፈበት ኮምፒውተር ሳይ ሙያዬን ረሳሁት። የስድስት ወር ቁጠባዬን ከፍዬ ለልጁ የልደት ስጦታ አድርጌ ወሰድኩለት።

መብራቱ እንደተባለው ይበራል። ጌሙ ግን ይንቀረፈፋል፣ ይቆማል፣ ስክሪኑ ይጠቁራል። የሥራ ባልደረባዬ ከፍቶ ሲያየው «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ተብሎ የተሸጠልኝ ግራፊክስ ካርድ ሐሰተኛ ሆኖ አገኘው። ውስጡ ያለው በዓመታት የሚቀድም አሮጌ ቺፕ ነው፤ ስሙን የሚናገረው ሶፍትዌር ብቻ ተቀይሮ አዲስ ካርድ መስሏል። ወደ ሱቁ ስመለስ ሻጩ አልተከራከረኝም። ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ከወር በኋላ መብራት ሄዶ ሲመጣ ርካሹ ፓወር ሰፕላይ ተቃጠለ፤ ማዘርቦርዱንም ይዞት ሄደ። ልጁም ወደ ፕሌይስቴሽን ቤቱ ተመለሰ። የተረፉን ስክሪኑ፣ ኪቦርዱ፣ ማውሱና ያ ሐሰተኛ ካርድ ናቸው።

ስለዚህ በዚህ ቅዳሜ እርስዎን ይዤ የምዞረው እንደ ባለሙያ ሳይሆን አንድ ጊዜ እንደተቃጠለ ሰው ነው።

የተራ ትምህርት

መርካቶን በስሟ የምናውቃትን ያህል በታሪኳ አናውቃትም። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን ከተማዋን በያዘባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው። «መርካቶ» የሚለው ቃል ራሱ በጣሊያንኛ «ገበያ» ማለት ነው። ጣሊያን ሄደ፣ ገበያው ቀረ፣ አድጎም የምናውቀውን መርካቶ ሆነ።

ለእኛ ለገዢዎች የመርካቶ ዋናው ጥበብ «ተራ» የሚባለው ነገር ነው። ሸማ ከፈለጉ ሸማ ተራ፣ ክር ከፈለጉ ድር ተራ፣ እህል ከሆነ እህል በረንዳ፣ በርበሬ ከሆነ በርበሬ በረንዳ ይሄዳሉ። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ገዢው በሃያ እርምጃ ውስጥ አሥር ዋጋ ይሰማል። ኤሌክትሮኒክስም እንዲሁ ነው። ከአንዋር መስጊድና ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ጀምሮ ወደ ውስጥ ሲዘልቁ፣ በገበያ ማዕከሎቹ ፎቆች ላይ ኮምፒውተር የሞላባቸው ጠባብ ሱቆች ተደርድረው ያገኛሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ቀላል ነው፤ ከመጀመሪያው ሱቅ አይግዙ። እኛ ስድስት ሱቅ እስክንዞር ድረስ ምንም ላንገዛ ተማምለን ነው የገባነው።

ከኮምፒውተሩ በፊት ጌሙ

ልጁ ማታውን ወረቀት ላይ የሚፈልጋቸውን ጌሞች ጽፎ ነበር። ይህን ያደረግነው የሚያስፈልገውን ኮምፒውተር የሚወስነው ሻጩ ሳይሆን ጌሙ ስለሆነ ነው። እያንዳንዱ ጌም የሚጠይቀው ዝቅተኛ አቅም በይፋ ተጽፎ ይወጣል።

በወረቀቱ አናት ላይ ያለው «ኤፍሲ 24» የእግር ኳስ ጌም ነው። ቢያንስ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ፣ 8 ጊጋ ራምና 100 ጊጋ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ሁለተኛው ማይንክራፍት ነው፤ ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል። ሦስተኛው ብዙ ሰፈር ዛሬም የሚጫወትበት «ፔስ 2013» ነው፤ እሱ ደግሞ ተራ የቢሮ ኮምፒውተር ላይም ይሄዳል። በአራተኛው መስመር ላይ «ጂቲኤ 5» ተጽፎ ነበር። እሱን እናቱ ሰርዛዋለች፤ ለአዋቂ የተሠራ ጌም ነው። እርስዎም ወረቀቱን አብረው ቢያዩት ጥሩ ነው፣ ልጁ ምን ሊጫወት እንዳሰበ ብር ሳያወጡ ያውቃሉ።

ፔስና ማይንክራፍት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ የገንዘቡ ግማሽ በበቃን ነበር። ዋጋውን የወሰነው አንድ ጌም ነው። ይህን ማወቃችን ስድስቱም ሱቆች ውስጥ ጠቀመን፤ «ምን ልስጣችሁ?» ሲሉን የምንመልሰው ነበረና።

የቢሮ ጡረተኞች

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሱቆች ባለ መብራቱ ሳጥን በር ላይ ጠበቀን። ሻጮቹ ከእኔ ይልቅ ለልጁ ነበር የሚያወሩት። «ጎበዙ፣ ይሄ ይበርልሃል!» ይሉታል። የልጁ ዓይን ሲንከራተት አየሁት። አልፈረድኩበትም፤ የእኔም ዓይን ባለፈው ዓመት እንዲሁ ነበር። ደግነቱ ዋጋው ከአርባ ሺህ በላይ ስለነበር ክርክር ሳያስፈልገን አለፍን።

እኛ የምንፈልገው ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው እንደ ጡብ የተደረደሩትን ጥቁር ሳጥኖች ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር የሚባሉት በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች አገልግለው በአዲስ የተተኩ ኮምፒውተሮች ናቸው። ውበት የላቸውም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሳይጠፉ እንዲሠሩ ታስበው የተሠሩ ናቸው፣ ፓወር ሰፕላያቸውም በርካሽ ሳጥን ውስጥ ከሚገባው የተሻለ ነው። ብልሃቱ ከእነዚህ አንዱን ገዝቶ የሚጎድለውን መጨመር ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ ይበሉ።

የመጀመሪያው የፕሮሰሰሩ ቁጥር ነው። ሻጭ «አይ 7 ነው» ሲልዎ ወዲያው አይደሰቱ። ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር ይጠይቁ። አይ 7-2600 የ2ኛ ትውልድ ነው፤ በፈረንጆቹ 2011 የወጣ። አይ 5-8400 ደግሞ 8ኛ ትውልድ ሲሆን ስሙ «5» ቢሆንም ከዚያኛው ይበልጣል። 8ኛው ትውልድ ሌላም ጥቅም አለው፤ ዊንዶውስ 11ን በይፋ የሚቀበለው ኢንቴል ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በኮምፒውተሩ የባንክ ሥራ የሚሠሩበት ከሆነ ትንሽ ጨምረው 8ኛውን ቢይዙ ይሻላል። የእኛ ለጌምና ለቤት ሥራ ስለሆነ 6ኛ ትውልድ፣ አይ 5-6500 መረጥን።

ሁለተኛው የሳጥኑ መጠን ነው። ብዙዎቻችን ሳጥኑን በጅምላ «ሲፒዩ» ብለን ስለምንጠራው ልዩነቱን አናይም። እነዚህ ኮምፒውተሮች በቀጭንም በወፍራምም ይመጣሉ። ቀጭኑ ጠረጴዛ ላይ ያምራል፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ነገር ግን አጭር ካርድ ካልሆነ ግራፊክስ ካርድ አይገባበትም። ወፍራሙን፣ ቆሞ የሚቀመጠውን ይውሰዱ።

ሦስተኛው ኃይሉ ነው። የቢሮ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ አብዛኛውን ጊዜ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኃይል ገመድ የለውም። ካርዱ የሚሰካበት ቦታ ራሱ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው። ስለዚህ በዚያ ልክ የሚሠራ ካርድ ብቻ ይፈልጉ፤ 1050 ቲአይ፣ 1650፣ ወይም አቅም ካነሰ 750 ቲአይ። እነዚህም ቢሆኑ ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቀው ዓይነታቸው መሆኑን በዓይንዎ አይተው ነው።

በአራተኛው ሱቅ 24 ሺህ ብር የተባልነውን ሳጥን ስድስተኛው ሱቅ 21 ሺህ አለን። 8 ጊጋ ራም አለው። «ወንድሜ፣ መጨረሻውን ንገረኝ» አልኩት። «ለአንቺ ስል ሃያ» አለ። ወጥተን ደረጃው ድረስ ስንደርስ ጠርቶ በ19 ሺህ ተስማማን።

ዋጋው ቢያስደነግጥዎ አልፈርድም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ኮምፒውተር ደግሞ ያገለገለም ቢሆን በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው። የእኔን ዋጋ እንደ ተመን አይያዙት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሊሆን ይችላል። የሚጠቅምዎ ክፍፍሉ ነው፤ ግማሹን ለሳጥኑ፣ ሲሶውን ለካርዱ፣ የቀረውን ለኤስኤስዲና ለመብራት መከላከያ።

ሳያዩ አይክፈሉ

ግራፊክስ ካርድ የሚሸጠው ወጣት ሱቅ የአንድ አልጋ ስፋት እንኳን የለውም። ያገለገለ 1050 ቲአይ 16 ሺህ ብር አለን። ልጁ ፌስታሉን ፈትቶ የእኛን ሐሰተኛ ካርድ ከጎኑ አስቀመጠ። ሁለቱ መንትያ ይመስላሉ። ከዚያ በጣቱ አንድ ነገር አሳየኝ። የእኛ ካርድ ላይ ሰማያዊ የቪጂኤ ቀዳዳ አለ፤ የሰውየው ላይ የለም። የዚህ ትውልድ ቺፕ ያንን የድሮ ዓይነት ምልክት በራሱ አያወጣም፤ ስለዚህ ሰማያዊውን ቀዳዳ ካዩ ይጠራጠሩ።

በፍላሻችን ሁለት ነፃ ፕሮግራም ይዘን ነበር። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ካርዱን ይመረምራል፤ ቺፑ ከስሙ ጋር ካልገጠመ ከስሙ ፊት «ሐሰተኛ» የሚል የእንግሊዝኛ ምልክት ያደርጋል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ደግሞ ሃርድ ዲስክ ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤንነቱን ያሳያል።

«ገጥመህ አሳየን» ስለው ወጣቱ «እህቴ፣ መብራቱም ጊዜውም የለም፤ ካልሠራ ታመጪዋለሽ» አለ። ባለፈው ዓመትም የሰማሁት ቃል ይኸው ነበር። ምን እንደምል ሳስብ ልጁ ካርዳችንን መጠቅለል ጀመረ። «እንሂድ» አለኝ። ካርዱን እንዴት እንደሚፈልገው አውቃለሁ፤ ሌሊቱን አልተኛም ነበር። ግን ዕቃውን ጠቅልሎ ቆመ። ወጣቱ ሳቅ ብሎ «ይሄስ አይሸወድም» አለና ገጠመልን።

ሃያ ደቂቃ ፈጀ። መጀመሪያ ጂፒዩ-ዚ፤ ንጹሕ። ከዚያ በኤክስተርናል ያመጣነውን ጌም ከፈትን። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም መስመር አለመኖሩን፣ ማራገቢያው አለማንቋረሩን፣ ሙቀቱ ወደ 90 ዲግሪ አለመጠጋቱን አየን። 13 ሺህ 500 ብር ከፈልን፤ ደረሰኝ ላይም የካርዱን መለያ ቁጥርና የአንድ ሳምንት ዋስትና አስጻፍን።

ከዚያ አዲስ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ በ4 ሺህ 200 ብር ገዛን። ኤስኤስዲ የጌሙን ምስል አያፈጥነውም፤ ኮምፒውተሩና ጌሙ የሚከፈቱበትን ጊዜ ግን በጣም ያሳጥረዋል። ለእናቱ የቤት ሥራና ለእኔ ትዕግሥት ከሁሉም በላይ የጠቀመው እሱ ነው። በ2 ሺህ ብር ስታቢላይዘር ጨመርን። ድምሩ 38 ሺህ 700 ሆነ።

በፌስታሉ የቀረው ካርድ

ልንወጣ ስንል ያ ወጣት ነጋዴ «ያንን ካርድ ምን ታደርጉበታላችሁ?» አለ። ሐሰተኛ መሆኑን እኛው ነግረነዋል። «ግድ የለም፣ ሦስት ሺህ እሰጣለሁ። የሚወስደው አይጠፋም።»

እውነቱን ልንገርዎ፣ አሰብኩበት። ሦስት ሺህ ብር ማለት ሌላ 8 ጊጋ ራም ማለት ነው። ሁለት ራም ጎን ለጎን ሲሆኑ ደግሞ ከአንዱ ይልቅ ይፈጥናሉ፤ ለጌሙ ለውጥ ያመጣል። እኔስ ተታልዬ አይደለም እንዴ የገዛሁት? ስልኬን አውጥቼ የሒሳብ ቁጥሬን ልነግረው ነበር።

ልጁ ምንም አላለም። ፌስታሉን ግን አልሰጠኝም። «ራሙስ?» አልኩት ቀስ ብዬ። «ለአዲስ ዓመት እንገዛለን» አለ። ከዚያ ደግሞ «አክስቴ፣ የሚገዛው እኮ እንደኛ የሆነ ልጅ ነው» አለኝ።

ይህ ልጅ ነው «ትራፊክ ነበር» እያለ እናቱን የሚዋሻት። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

በእግራችን ወደ ምናለሽ ተራ ወረድን። ቆርቆሮው፣ ጎማው፣ የተጣለው ብረት ሁሉ ሌላ ዕቃ ሆኖ የሚወለድበት፣ መዶሻ የማያርፍበት ሰፈር ነው። ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፤ «ምን አለሽ?» እኛም ያለንን ይዘን መጥተናል። የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭ የሚገዙ አንድ አዛውንት አገኘንና «አባባ፣ ይሄ የማይሠራ ነው፤ ለፍርስራሽ ነው የምንሰጥዎት» አልናቸው። አገላብጠው ካዩት በኋላ ማራገቢያውንና አሉሚኒየሙን ፈልገው 150 ብር ሰጡን። ልጁ አረንጓዴውን ሰሌዳ ለማስታወሻ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ስሙ የተጻፈበትን ተለጣፊ ልጠው፣ ሰሌዳውን ለሁለት ሰብረው ግማሹን ሰጡት። በ150 ብሩ ሻይና ሳምቡሳ አዘዝን።

ቤት ሲገባ

ማታ ልጁ ሳጥኑን ከፍቶ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረገ፣ ካርዱን ሰካ፣ ዊንዶውሱን ኤስኤስዲው ላይ ጫነ። ኮምፒውተሩ ምንም መብራት የለውም። ሳሎን ውስጥ፣ እናቱ እንጀራ ስትጠቀልል በምታየው ጥግ ተቀመጠ። ኤፍሲ 24 በዝቅተኛ ጥራት ይሠራል። በትልልቆቹ ማሽኖች ላይ እንደሚታየው የተጫዋቹ ላብ አይታይም፤ ኳሷ ግን አትንቀረፈፍም።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽዎትም። አሁን የሰፈሩ ልጆች እህቴ ቤት ይመጣሉ፤ ዳቦ አይተርፍም፣ የመብራት ቆጣሪው ካርድም ቶሎ ያልቃል። ስለ ሰዓቱ በየማታው ይጨቃጨቃሉ። የት እንዳለ ግን እህቴ ታውቃለች። ኮምፒውተሩም ገና አላለቀም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ለአዲስ ዓመት ራም፣ ለሚቀጥለው ዓመት ምናልባት ሌላ ካርድ ይጨመርበታል። የተሰበረችው ሰሌዳ ስክሪኑ ሥር ተደግፋ ተቀምጣለች።

ከመሄድዎ በፊት ይህን ይያዙ

• የጌሞቹን ስምና የሚጠይቁትን አቅም በወረቀት ይጻፉ፤ ከልጁ ጋር አብረው ያንብቡት።

• ቤት ያለውን ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ አስቀድመው ይፈትሹ። የሚሠራውን እንደገና አይግዙ።

• መመርመሪያ ፕሮግራሞቹን በፍላሽ፣ ጌሙን በኤክስተርናል ይያዙ። ገጥሞ የማያሳይ ሻጭ ካጋጠመዎ ያመስግኑትና ይለፉ።

• ራም ከመግዛትዎ በፊት ማሽኑ ዲዲአር 3 ይሁን ዲዲአር 4 ይወቁ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

• ስታቢላይዘር የሚገዛው የመጨረሻው ብር ሲተርፍ ሳይሆን ከመጀመሪያው ተቆርጦ ነው።

• ልጁን ይዘው ይሂዱ። ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ዋጋውንም፣ ክርክሩንም፣ እምቢ ማለቱንም ይይ። የእኔ ልጅ እንዳሳፈረኝ የእርስዎም ያሳፍርዎ ይሆናል፤ ያኔ ቅር አይበልዎ።